ቁሱን ንገሩን፣ ሙገሳውን ተዉት

«ፎቶውን ለጥፍ፤ ከላዩ ላይ ‹ድንቅ የጥበብ ሥራ› በልና ልቀቀው። ምን ታካብዳለህ?»

እንዲህ ያለኝ ሎጎ በመሥራት የሚተዳደር ወዳጄ ነው። «‹ድንቅ› ስትል መደነቅህን ነገርከኝ፤ ስለ ሥራው ግን ምንም አልነገርከኝም» አልኩት። ተረብ የለመደ አፍ በአንድ መልስ አይዘጋምና «እሺ፣ አንተ ምን ልትል ነው?» አለ። «ከምን እንደተሠራ እላለሁ። ስንት ሜትር እንደሆነ እላለሁ። ማን፣ መቼ፣ የት እንደሠራው እላለሁ። ድንቅ ይሁን አይሁን የሚያየው ሰው ይፍረድ፤ የሱን ድርሻ ለምን እነጥቀዋለሁ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ «ታይትሮፕ» ብሎ ከሰየማቸው ተከታታይ ሥራዎች አንዱን የሚያስረዳ ዲጂታል ፖስተር እየሠራሁ ነው። በቴሌግራም ለተማሪዎች የሚላክ፣ በስልክ የሚታይ፣ ያየው ሰው ስለ ሥራው የማያውቀውን ነገር አውቆ የሚሄድበት ፖስተር። ይህን በተናገርኩበት ሁሉ አማካሪ አላጣሁም። ምክሩን ሰምቻለሁ፤ መልስም ሰጥቻለሁ። እዚህ የማሰፍረው ያንኑ ነው፤ ምክንያቱም የተመከርኩትን ሁሉ በየጊዜው በስልካችን በሚደርሱን የዐውደ ርእይ ፖስተሮች ላይ ተፈጽሞ አየዋለሁ።

በቅድሚያ ሥራውን ላላየ ሰው ልንገር። ኤልያስ እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወለደ፤ በ1990 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመረቀ። በ«ታይትሮፕ» ሥራዎቹ ቀለም አይቀባም። ቁሱ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራን ከመሰሉ ቦታዎች የሚሰበሰብ ያገለገለ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነው፦ ማዘርቦርድ፣ የኪቦርድ ቁልፍ፣ ባለቀለም የኤሌክትሪክ ሽቦ። ሽቦው ይጎነጎናል፤ ሰሌዳ ሙሉ እየተደረደረ በእንጨት ላይ ይያያዛል። ከሩቅ ስታዩት ከአውሮፕላን መስኮት ቁልቁል የሚታይ ማሳና ከተማ ይመስላል። ስትጠጉት ማሳው ሽቦ፣ ከተማው ማዘርቦርድ ሆኖ ይገኛል። ርእሱ አክሮባት የሚሄድበትን ቀጭን የተወጠረ ገመድ ያመለክታል፤ ሠዓሊው ቴክኖሎጂ ያመጣልንን ጥቅምና በሰው ለሰው ግንኙነት፣ በአካባቢያችንም ላይ ያስከተለውን ጣጣ በአንድ ሚዛን ይዞ የሚያሳይበት ስም ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቶበታል።

አሁን ወደ አማካሪዎቼ።

ጎረቤታችን እትዬ ቡና ጠርተውን ስልኬ ላይ ሥራውን አሳየኋቸው። ትኩር ብለው አዩና «ይሄማ ቆራሌው የሚወስደው ዕቃ አይደለም እንዴ?» አሉ። ልጃቸው አፈረ። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ሞደርን አርት ነው!» አላቸው። ወደ ልጁ ዞርኩና «አንተ የነገርከን የዘርፉን ስም ነው፤ እሳቸው የነገሩን ከምን እንደተሠራ ነው። ለፖስተሬ የሚጠቅመኝ የእሳቸው ነው» አልኩት። እትዬ አልጨረሱም። መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን በሁለት ጣት አሰፉት። «ጉንጉኑስ? በእጅ ነው?» «በእጅ ነው፣ እትዬ።» «ታዲያ ይህን ሁሉ ሽቦ ለመጎንጎን ስንት ቀን ፈጀ?»

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ነውና። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ ሴት በሦስት ጥያቄ ሥራውን ከፈቱት፦ ከምን፣ በምን፣ በስንት ጊዜ። አንድ ማብራሪያ ፖስተር ሊመልሳቸው የሚገቡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። እኛ ዲዛይነሮች ግን «ታላቁና ዘመን ተሻጋሪው የጥበብ ሰው በጥልቅ ስሜት ያቀረበው» እያልን ሦስት መስመር እንጨርስና ቁሱን ሳንጽፍ እንለቀዋለን። ተማሪው ፖስተሩን አይቶ ቅብ ነው ብሎ ይሄዳል። ለምን አይሄድ? በስልክ ስክሪን ላይ ጉንጉን ሽቦ እና የቀለም መስመር አንድ ናቸው። የነገረው የለም። እትዬ ባያሰፉት ኖሮ እሳቸውም አያዩትም ነበር። ስለዚህ የፖስተሬን አርእስት ከሳቸው ወሰድኩ፦ «ይህ ሁሉ ጉንጉን ሽቦ ነው።» አንብቦ ወደ ፎቶው የማይመለስ ዓይን ካለ አሳዩኝ።

የድርጅት ፕሮጀክት የሚጽፍ ዘመዴ ደግሞ «ስለ ሪሳይክሊንግ ነው በለው፤ እሱ ነው የሚያስኬደው» አለኝ። «ሪሳይክል የሚያደርግ መዳቡን አቅልጦ ሌላ ዕቃ ያወጣበታል። እዚህ ማዘርቦርዱ ማዘርቦርድ እንደሆነ ነው ያለው፤ ቁልፉም ላይ ያለው ፊደል ይነበባል። ምኑ ላይ ነው የቀለጠው?» አልኩት። «ቢሆንም ቁጥር ጨምርበት» አለ። በዚህ አልተከራከርኩትም፤ ቁጥር ደግ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ሪፖርት መሠረት ዓለም እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ጥላለች፤ በአግባቡ ተሰብስቦ እንደገና ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ነው። ይህን ከታች በአንድ መስመር አስገብቻለሁ። ዘመዴ ከላይ በትልቁ ይሁን አለ። «ከላይ ከሆነ የጽዳት ዘመቻ ፖስተር ይሆናል። ሰውዬው የሠራው ሥነ ጥበብ ነው፤ ሥነ ጥበብ ነው ብዬ ነው የማቀርበው።»

«ሁለት ፎቶ ምን ያደርጋል? አንዱ ይበቃል።» ይህ ከሥራ ባልደረባዬ ነው። «አንዱን ካወጣሁት ከሥራው ግማሹን አወጣሁ» አልኩት። ይህ ሥራ በሁለት ርቀት ነው የሚኖረው። አንዱ ፎቶ ሙሉውን ከጥግ እስከ ጥግ ማሳየት አለበት፤ ሌላው መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ወስዶ የሽቦውን ልባስ፣ የጉንጉኑን አጣጣል፣ በሽቦዎቹ መካከል የቀረችውን ጥላ ማሳየት አለበት። ሙሉውን ብቻ የሰጠ ፖስተር ካርታ ሰጠ፤ ቅርቡን ብቻ የሰጠ የዕቃ መደብር ፎቶ ሰጠ። ተመልካቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ዓይኑን ሲያመላልስ ሙዚየም ውስጥ ወደ ግድግዳው ሲጠጋና ሲርቅ የሚሆነውን በጥቂቱ ያገኛል።

ባልደረባዬ መሸነፍ አይወድም። «እሺ፣ ሙሉውን ክፈፉ እንዲሞላ ከግራና ከቀኝ ቁረጠው፤ ከላይና ከታች ባዶ ቦታ በዛ» አለ። ፖስተሩ 1080 በ1350 ፒክስል ነው፣ ቁመቱ ይበልጣል፤ ሥራው ደግሞ ወደ ጎን የተዘረጋ ነው። «ባዶው ቦታ ማንንም አልጎዳም። ብቆርጠው ግን ሠዓሊው ጎንጉኖ ያስቀመጠውን እኔ ጣልኩት። ባዶውን እመርጣለሁ።»

ከዚያ መጠን መጣ። ከሥራው አጠገብ የቆመች የሰው ቅርጽ በግራጫ አስገብቼ ነበር። «ይሄ ሰውዬ ማነው? ሞዴል ነው?» «ሜትር ነው።» ስልክ ሁሉን እኩል ያደርጋል፤ በደብዳቤ ላይ ያለ ቴምብርና ግድግዳ የሚሸፍን ሥራ ስክሪኑ ላይ ስፋታቸው አንድ ነው። መጠኑን በሴንቲ ሜትር መጻፍ ግዴታ ነው፤ ቁጥር አንብቦ ወዲያው ስፋቱ የሚታየው ግን ጥቂት ሰው ነው። ሰው አጠገቡ ሲቆም ሁሉም ያውቀዋል።

«ከለሩ ደብዝዟል፤ ትንሽ ሞቅ አድርገው» ያሉኝ አለቃዬ ናቸው። አለቃ ቢሆኑም መልስ አላጣሁም። «ጋሼ፣ ቀለሙን የመረጠው ሽቦውን የሠራው ፋብሪካ ነው፤ ያቀናጀው ሠዓሊው ነው። ሦስተኛ ሰው አልተጠራም።» በዚህ ሥራ ላይ ቀለም በቱቦ አልተገዛም። ቀዩ ቀይ የሆነው የሽቦው ልባስ ቀይ ስለነበረ ነው፤ ሠዓሊው የሚፈልገውን ጥላ ለማግኘት ያንን ዓይነት ሽቦ ፈልጎ ማግኘት ነበረበት። በአፕሊኬሽን ቀዩን ባሞቀው ስለ ቁሱ ዋሸሁ። መደቡንም ለዚህ ነው ቀላል ግራጫ ያደረግኩት፤ ከሥራው ጋር የሚፎካከር ወርቃማ ጥለት፣ የሚያብረቀርቅ ጥግ፣ ከበስተጀርባ የሚበር ነገር የለም።

«ጽሑፉን አሳንሰው፤ ክላስ ይኑረው» አለችኝ የአክስቴ ልጅ፣ እሷም ዲዛይነር ናት። «‹ሱ› እና ‹ሲ› ሲመሳሰሉ ክላሱ የታለ?» አልኳት። የእኛን ፊደል በደንብ ተመልከቱት። ካዕቡን ከሣልሱ የሚለየው ከእግሩ የወጣች አንዲት ጭረት ናት፤ መሀል ላይ ከሆነች ‹ሱ›፣ ግርጌ ላይ ከሆነች ‹ሲ›። የላቲን ጽሑፍ ሲያንስ የሚነበብበት መጠን ላይ የእኛዋ ጭረት ትሟሟለች። ስለዚህ ከእንግሊዝኛ ፖስተር ላይ የተቀዳ የጽሑፍ መጠን ለአማርኛ አይሆንም፤ ከፍ ማለት አለበት። ደግሞም ትልቅና ትንሽ የሚባል የፊደል ዓይነት የለንም። አርእስቱን ከዝርዝሩ የምንለየው በመጠንና በውፍረት ነው፤ ስለዚህ መጠኑ ላይ መሰሰት አያዋጣም። ጋደም ያለ ፊደልም ተጠቀም ብላኝ ነበር፤ ፊደላችን ሲጋደም ዓይን ይደክማል፣ እሱንም አልተቀበልኳት።

«ግራጫ ጽሑፍ በነጭ ላይስ? በጣም ያምራል።» «ሚኒባስ ውስጥ፣ በእኩለ ቀን፣ ፀሐይ በመስኮት እየገባች አንብቢልኝ።» በድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለተለመደ ጽሑፍ በፊደሉና በመደቡ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ከ4.5 ለ1 ማነስ የለበትም። መመሪያው ባይኖርም ሚኒባሱ ይፈርዳል።

አንድ ሰው ደግሞ የፖስተሩን ጽሑፍ በፎቶው ግርጌ በተራ መልእክትም ደግሜ በመጻፌ ተገረመ። «ፎቶው ላይ አለ አይደል፣ ለምን ትደግማለህ?» «ፎቶ ውስጥ ያለ ጽሑፍ በሶፍትዌር አስነብቦ ለሚሰማ ዓይነ ስውር ጽሑፍ አይደለም።» «ዓይነ ስውር ስለ ሥዕል ምን ያደርግለታል?» አለኝ። ይህን በዝምታ አላለፍኩትም። «ስለ አገሩ ሠዓሊ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ነው። ከምን እንደተሠራ ሲነገረው ሽቦውንም ማዘርቦርዱንም በእጁ ያውቃቸዋል፤ ምናልባት ከእኔም ከአንተም በላይ ይገባዋል።» የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ዛሬ ጽሑፋችንን ማሽን እንዳያነበው የሚያደርገው የእኛው ስንፍና ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ይህ ነው፦ «ሰው አያነብም፤ ጽሑፉን አውጣው።» ስንቴ ሰማሁት! «የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ በደቃቅ ፊደል የታተመ ስም ገጽ በገጽ ማን ነው ያነበበው? የማትሪክ ውጤት ሲለቀቅስ? ሰው ለሱ የሚሆን ነገር ካለበት ያነባል። ‹ድንቅ፣ ልዩ፣ ብርቅዬ› የሚለውን ያለፈው ስለማይጠቅመው ነው፤ ልክ ነው፣ እኔም አልፈዋለሁ።» ጽሑፍ ይጠር፣ እስማማለሁ። የኔው ከአርእስቱ ቀጥሎ የሠዓሊው ስም፣ የሥራው ርእስና ዓመት፣ ቁሱ «ያገለገለ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በእንጨት ሰሌዳ ላይ» ተብሎ፣ መጠኑ በሴንቲ ሜትር፣ ከዚያ ስለ አሠራሩ ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ የት እንደሚገኝ፣ ያቺ የ62 ሚሊዮን ቶን መስመር፣ የፎቶ አንሺው ስም። አለቀ። ከአንድ ደቂቃ በታች ይነበባል።

ሎጎ? ከታች፣ በትንሹ። «ስፖንሰሩ ይቀየማል» ሲሉኝ «ሎጎ ለማየት ማንም ዳታ አይገዛም» ብዬ አልፌያለሁ።

«ሥዕሉን ለኤአይ ብትሰጠው በደቂቃ ያወጣልሃል፤ የሚመስል ነገር ይሰጥሃል» ያለኝ ተማሪ ነው። ተማሪ ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የመለስኩለት። «የሚመስል ነገር ላንተ ለመማር ምን ይጠቅምሃል? እውነተኛው አለ። ሰው በእጁ ጎንጉኖታል፤ ሚስማሩ ይቆጠራል። ኤአይው የሚሰጥህ ሽቦ የሚመስል ነው፤ ጫፉ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ብትከተለው መድረሻ የለውም።» አብረን ከፍተን አየነው፤ እውነትም ሽቦው መሀል ላይ ይቀልጣል። ልጁ ሳላስገድደው ትክክለኛውን ፎቶ ፍለጋ ገባ።

ፍለጋው ደግሞ ሌላ ክርክር አመጣ። «ከጉግል አወረድኩት» አለ። «ጉግል ፈልጎ አገኘው እንጂ አላነሣውም። ያነሣው ማነው?» በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሠዓሊው በሥራው ላይ መብት አለው፤ ፎቶ አንሺውም እንዲሁ። ስማቸው መጠራት መብታቸው ነው፣ የኛ ቸርነት አይደለም። ከሠዓሊው ወይም ሥራው ካለበት ሙዚየም ፈቃድ ጠይቁ፤ ስትጠይቁ ደግሞ ጥርት ያለ ፎቶና ትክክለኛ ልኬት አብሮ ሊመጣላችሁ ይችላል። ሲደርሳችሁም በቴሌግራም «እንደ ፋይል» ብላችሁ ላኩት፤ እንደ ተራ ፎቶ ከላካችሁት ጨምቆ ጉንጉኑን ያደበዝዘዋል፣ ያን ሁሉ ድካም ለምን ጉድጓድ እንከተዋለን?

በመጨረሻ ውጭ አገር ቆይቶ የመጣ አንድ ወንድሜ «በእንግሊዝኛ አድርገው እንጂ፤ ኤልያስ እኮ ዓለም አቀፍ ነው» አለኝ። ዓለም አቀፍነቱን አልካድኩም። የ«ታይትሮፕ» ዐውደ ርእይ እ.ኤ.አ. በ2019 ኒው ዮርክ ግዛት በሚገኘው በሃሚልተን ኮሌጅ የዌሊን ሙዚየም ተከፍቶ፣ ወደ አክረን፣ ወደ ካንሳስ ሲቲ፣ ወደ ቶሮንቶ ሄዷል። በ2024 ቬኒስ ላይም ሥራዎቹ ታይተዋል። «እንግሊዝኛው ሞልቷል፣ ወንድሜ፤ የሚያንሰው አማርኛው ነው። ሽቦው ከመርካቶ ተነሥቶ ቶሮንቶ ደረሰ። ማብራሪያው ምናለሽ ተራ ቁጭ ብሎ ማዘርቦርድ ለሚፈታው ልጅ የማይደርስበት ምክንያት ምንድን ነው?» ወንድሜ ለዚህ መልስ አልነበረውም። እኔም ማሾፌ አልነበረም፤ ያ ልጅ ይህን ሥራ ከእኔ በተሻለ ሊያነበው እንደሚችል በእውነት አምናለሁ። የትኛው ሰሌዳ ከምን ማሽን እንደወጣ ያውቃል። ፖስተሩ ስልኩ ላይ ቢደርሰው፣ ቁሱ በግልጽ ቢጻፍለት፣ የት ሄዶ ማየት እንደሚችል ቢነገረው፣ ከጎረቤቱ የተነሣ ዕቃ የት እንደደረሰ ያያል።

«የት ሄዶ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አብዛኛው ፖስተራችን አድራሻ ይረሳል። ኤልያስ ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተው ዞማ ሙዚየም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ መካኒሳ ክፍት ነው። ግድግዳው በጭቃና በጭድ የታነጸ ነው፤ በላዩ ላይ የተቀረጸው ጌጥም የሠዓሊው እጅ ያለበት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት በዚያ ቀን ምን እንደሚታይ ደውላችሁ አረጋግጡ፤ ፖስተር ሠሪዎችም የመግቢያ ሰዓቱን ጽፋችሁ ልቀቁ።

ስለዚህ ስለ ዘመኑ ሥራ ፖስተር የምትሠሩ ሁሉ፣ ቁሱን አላገኘሁትም፣ መጠኑን የሚነግረኝ አጣሁ አትበሉን። ስለ ላሊበላ ጠራቢዎች ቢሆን እሺ፤ ሄዶ የሚጠይቃቸው የለም። የዘመናችን ሠዓሊ ግን በሕይወት አለ፤ እናንተው ከተማ ውስጥ ይሠራል። ጠይቁትና ጻፉ።